ሞኝና ፓኬጅ የያዘውን አይለቅም

ሽማግሌ ስለ ኮምፒውተር ሲያማርር የሰማ ሁሉ «አይ አባባ፣ ዘመኑ አልፏቸው ነው» ብሎ ከንፈሩን ይመጥጣል። ምጠጣችሁን ለሌላ አቆዩልኝ። እኔ ፍሎፒ ዲስክ በኮት ኪሴ ይዤ ከቢሮ ቢሮ የዞርሁ ሰው ነኝ። በፓወር ግዕዝ የተየብሁትን ደብዳቤ ቪዥዋል ግዕዝ የተጫነበት ቢሮ ወስጄ ብከፍተው፣ ከ«ጉዳዩ» ጀምሮ እስከ ፊርማው ትርኪ ምርኪ ምልክት ሆኖ ሲመጣ አይቻለሁ። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሎቻችንን ደስ ባለው ቁጥር ላይ ያስቀምጥ ነበር። አጋፋሪ ከብራና፣ ብራና ከፓወር ግዕዝ አይነጋገሩም። ዩኒኮድ በፈረንጆቹ 1999 በሦስተኛ እትሙ ለፊደላችን አንድ የጋራ ቦታ እስኪሰጠው ድረስ እንዲሁ ስንንገላታ ኖርን። ስለዚህ ሶፍትዌር ከሶፍትዌር ሲጣላ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። የማማርረው አላውቅ ብዬ ሳይሆን አውቄ ነው።

የአሁኑን ፍዳ ያመጣብኝ የልጅ ልጄ ነው። የሌላው ሰው የልጅ ልጅ ለአያቱ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ይጭንለታል፤ ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ ሥራው ያልቃል። የእኔው ግን «አባባ፣ ለእርስዎ የሚመጥነው ጄንቱ ነው» አለኝ። ሙገሳ ስለሆነ ዝም አልሁ።

ጄንቱን ለማያውቅ ላስረዳ። ሌላው ሊኑክስ ተሠርቶ፣ ተጠናቅሮ ይመጣል፤ አውርደህ ትጭናለህ፣ አለቀ። ጄንቱ ግን የፕሮግራሙን የምንጭ ኮድ ያወርድና «በል እንግዲህ፣ እዚሁ አንተው ማሽን ላይ ኮምፓይል ይደረግ» ይልሃል። ይህን ሁሉ የሚያስተናብረው ፖርቴጅ የሚባለው ሲሆን፣ ተርሚናል ከፍተህ በኢመርጅ ታዝዘዋለህ። እያንዳንዱ ፓኬጅ ደግሞ ዩዝ ፍላግ የሚሏቸው ምርጫዎች አሉት፤ ብሉቱዝ ይወቅ ወይስ ይቅርበት፣ ፒዲኤፍ ያትም ወይስ አያትም፣ ግራፊክሱ በየትኛው በኩል ይሁን። ነፃነት ነው ይላሉ። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ነፃነት ሲታወጅ ሰምቻለሁ፤ ሁሉም ቅጽ ያስሞላ ነበር።

ጄንቱን የጀመረው ዳንኤል ሮቢንስ የሚባል ሰው ነው። መጀመሪያ ኢኖክ ብሎት ነበር፤ በኋላ በውኃ ውስጥ ፈጥኖ በመዋኘት ወደር በሌለው ፔንግዊን ስም ጄንቱ አለው። የመጀመሪያው ሙሉ እትም በፈረንጆቹ መጋቢት 2002 ወጣ። ፔንግዊኑ የታወቀው በፍጥነት ነው፣ ስሙን የወረሰው ግን እኔ ቤት ሲደርስ ያነክሳል። መሥራቹ ራሱ በፈረንጆቹ 2004 ለቆ ሄዶ በዓመቱ ማይክሮሶፍት ተቀጠረ። ብዙም ባይቆይ፣ ሰው ምን ቢመረው ነው ከጄንቱ ተነሥቶ ዊንዶውስ ቤት የሚገባው ብዬ የልጅ ልጄን ብጠይቀው መልስ የለውም። ይልቅ «የጉግሉ ክሮምኦኤስ እንኳ የሚሠራው በፖርቴጅ ነው» ብሎ ይመጻደቅብኛል። ጉግል እኮ ጄነሬተር አለው!

ወደ ጥሉ ልግባ። እኔ የለመድሁት ኬዲኢ ፕላዝማ የተባለውን ዴስክቶፕ ነው። ባለቤቴ ደግሞ «ይሄ ያንተው ቁልፉ ይበዛል፣ ዓይኔን ያዞረዋል» ብላ ከግኖም ሌላ አልነካም አለች። ኮምፒውተሩን የምትፈልገው ስብከት ለማየትና ውጭ አገር ካሉት ልጆቻችን ጋር ለመጻጻፍ ነው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ? የልጅ ልጄም ይህንኑ ተረት ጠቅሶ ሁለቱንም ባንድ ላፕቶፕ ላይ ተከለልን። አበው ይህን ሲናገሩ ባላዎቹ እርስ በርሳቸው እንደሚነቃቀሉ ሳይነግሩን አለፉ።

ለነገሩ የሁለቱ ቤት ቅሬታ ከጥንት ነው። ጀርመናዊው ማቲያስ ኤትሪሽ ኬዲኢን በፈረንጆቹ 1996 ሲጀምር ኪውት በተባለው መሣሪያ ላይ መሠረተው። የኪውት ፈቃድ ያን ጊዜ ነፃ ሶፍትዌር ስላልነበረ ነገሩ ያልተዋጠላቸው እነ ሜክሲኳዊው ሚጌል ዴ ኢካዛ በዓመቱ፣ በ1997፣ ግኖምን ጀመሩ፤ እነሱም ጂቲኬ የሚባለውን ያዙ። የኪውት ፈቃድ ከተስተካከለ ዘመን አለፈው። ምክንያቱ ሞቶ ተቀበረ፣ እነሱ ግን ተለያይተው እንደ ቀሩ ናቸው። እኔ ምን ባደረግሁ ነው ኮልፌ ተቀምጬ የጀርመንና የሜክሲኮ ሰዎች ያረጀ ቂም ዕዳ የምከፍለው?

አንዳንዱ ጥል ደግሞ ጥል አይደለም። እኔ ፒዲኤፍ የማነበው በኦኩላር፣ ባለቤቴ በኤቪንስ ነው። ሁለቱም ፖፕለር የሚባል አንድ ላይብረሪ ይጋራሉ። ኦኩላር ፖፕለር ከኪውት ጋር ተሠርቶ እንዲቀርብለት ይፈልጋል፣ ኤቪንስ ካይሮ ከሚባለው ላይብረሪ ጋር። ፖርቴጅ ይህን ሲያገኝ ቀለም የተቀባ ማስጠንቀቂያ ይደረድራል፤ ልጅም ቀለሙን አይቶ ይደነግጣል። ሁለቱንም ፍላግ ከፍቶ ፖፕለርን አንዴ ደግሞ መሥራት ብቻ ነው፤ ማንም ማንንም አልከለከለም።

ድምፁ ላይ ግን እውነተኛ ጠብ ነበር። ፓይፕዋየርን «የድምፅ አገልጋይ አንተ ሁን» ካልኸው የፐልስኦዲዮ አገልጋይ አጠገቡ እንዲቀመጥ አይፈቅድም። ፖርቴጅ ይህን ብሎክ ይለዋል። ከፊቱ የምትጻፈው የላቲን ቢ ትንሿ ከሆነች ራሱ አሮጌውን አንሥቶ ይፈታዋል፤ ትልቋ ከሆነች አንተ ካልወሰንህ ፈቅ አይልም። እኛ ቤት ትልቋ ነበረች የመጣችው። ለምን ቢባል፣ ልጁ ድሮ ፐልስኦዲዮን በስሙ ጠርቶ አስገብቶታል፤ በስም ጠርተህ ያስገባኸው ሁሉ ደግሞ ዓለም በሚባል ዝርዝር ላይ ይመዘገባል። ፖርቴጅ እዚያ የተመዘገበን እንግዳ ያለ ፈቃድህ አያባርርም። ከዝርዝሩ ሲሰረዝ ነገሩ ወዲያው በረደ። ይህን ለማወቅ የልጅ ልጄ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ድምፅ ማጉያውን ሲነቅልና ሲሰካ ነበር።

ሲስተምዲና ኢሎጊንድን ተዉአቸው። ማሽኑ በኦፕንአርሲ ከተነሣ ማን ገባ ማን ወጣ የሚለውን የሚቆጣጠረው ኢሎጊንድ ነው፤ በሲስተምዲ ከተነሣ ሲስተምዲ ራሱ ይበቃል። አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ልጁ ለግኖም ብሎ ፕሮፋይሉን ወደ ሲስተምዲ ቀየረና የድሮዋን የኢሎጊንድ መስመር እዚያው ጥሏት ሄደ። ቀጥሎ የሆነውን ብነግራችሁ ደም ግፊቴ ይነሣል።

ዋናው ለቅሶዬ ኪውት ዌብኤንጂን ነው።

ይህ ፓኬጅ በኪውት ውስጥ የተሸጎጠ ክሮሚየም ማለት ነው፤ ሙሉ ብራውዘር። የጄንቱ መመሪያ መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ ሁለት ጊጋባይት ራም ይኑር ይላል። የእኔ ላፕቶፕ ያለው ስምንት ስለሆነ ከአራት ሥራ በላይ ማስኬድ አይቻልም። ማታ ከራት በኋላ ትጀምረዋለህ፣ ፋኑ ሲያጓራ ያድራል። ባለቤቴ ከእንቅልፏ ነቅታ «ይሄ ነገር ምጥ ይዞት ነው?» ትላለች። ጎህ ሲቀድ፣ የቀራንዮ መድኃኔዓለም ቅዳሴ ተጀምሮ፣ ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ድርግም። የላፕቶፑ ባትሪም ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። መብራት ሲመለስ ኢመርጅን «ካቆምህበት ቀጥል» ብትለው፣ እውነቱን ለመናገር ይቀጥላል፤ ያለቁትን ፓኬጆች አይነካም። መሀል ላይ የተቋረጠውን ግን ከሀሁ ይጀምረዋል።

መብራት የለም አላልሁም። ታላቁ ግድባችን 5,150 ሜጋ ዋት ሊያመነጭ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ቦንድ ገዝቻለሁ፣ ዕለቱንም እልል ብያለሁ። ከእኛ መንደር ፈቀቅ ብሎ ረጲ ላይ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተመርቋል። የእኛ መንደር ሽቦ ነው ዜናውን ገና ያልሰማው። እዚሁ ኮልፌ፣ ፈጥኖ ደራሽ ሰፈር፣ ኔልሰን ማንዴላ በፈረንጆቹ 1962 ወታደራዊ ሥልጠና ወስዷል፤ ስድስት ወር ታቅዶለት በሁለት ወር ገደማ ድርጅቱ ጠርቶት ሄደ። ጽናቱን ዓለም መስክሮለታል። ኪውት ዌብኤንጂን ኮምፓይል አድርግ ያለው ግን አልነበረም።

የልጅ ልጄ ጭንቀቴን አይቶ «ለጊዜው» ብሎ አዲሱን ኪውት ዌብኤንጂን ማስክ አደረገው፤ ማለትም ፖርቴጅ እንዳያየው ከለከለ። አሮጌው ይበቃናል ነው ነገሩ። እግዜር «ለጊዜው» ከሚል ሰው ይሰውራችሁ። የኪውት ክፍሎች እኮ በአንድ ቁጥር የሚሄዱ ናቸው፤ የአንዱ ሥሪት ከሌላው ጋር እኩል መሆን አለበት። ከጦር ኃይሎች ወደ ቤቴል የሚጭን ሚኒባስ አንድ ወንበር ጎድሎበት እንደማይነሣ፣ ረዳቱም «አንድ ሰው! የሞላ!» እያለ ሌላውን ሁሉ አስቀምጦ እንደሚያስጠብቅ፣ ያ አንድ የተከለከለ ፓኬጅ መላውን የኪውት ቤተሰብ ባለበት ገትሮ ያዘው። መጀመሪያ አልታወቀንም። ወራት አለፉ። አንድ ቀን ሲስተሙን ላድስ ብዬ ሳዝዝ ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ሞላ።

የሞላውን ላሳያችሁ። ፖርቴጅ ስሎት በሚሉት አንድ መቀመጫ ላይ የአንድ ፓኬጅ ሁለት ሥሪት ተጠርቷል፣ ሁለቱ አብረው መቀመጥ አይችሉም ይላል። ከሥሩ የኪውትን መሠረት ኪውትቤዝ 6.9 ብሎ ጽፎ ማን እንደ ፈለገው ይዘረዝራል፤ የፕላዝማ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ተሰልፏል። ቀጥሎ ኪውትቤዝ 6.8 ይልና የሚፈልጉትን ይዘረዝራል፤ እነሱ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሰው ሁሉ ዓይኑ የሚያርፈው ረጅሙ ዝርዝር ላይ ነው። ጥፋተኛው ያለው አጭሩ ውስጥ ነው! ብዙኃኑ ወደ ፊት ሊሄዱ የተነሡ ናቸው፤ ወደ ኋላ የሚጎትተው አንድ ወይም ሁለት ነው። እዚያ አጭሩ ዝርዝር ላይ ኪውት ዌብኤንጂን 6.8 ተጎልቷል። ይህን ለማየት መነጽር እንጂ ሊቅነት አያስፈልግም።

የልጅ ልጄ ግን አያነብም። የዘንድሮ ልጅ የስሕተት መልእክት ሲያይ ጣቱ ወደ ላይ ያንሸራትታል። መጀመሪያ ፖርቴጅ ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላ መንገድ የሚሞክርበትን ቁጥር ከፍ አደረገለት። ያው ግድግዳ ጋር ብዙ ጊዜ ደጋግሞ እንዲላተም ማለት ነው። ቀጥሎ ኪውትቤዝን በግድ ላውጣው ሲል ከዘራዬን አነሣሁ፤ እሱ ከወጣ የእኔ ዴስክቶፕ ጧት አይነሣም። በመጨረሻ ፖርቴጅ «የሚያስፈልገውን ለውጥ እኔው በፋይሉ ላይ ልጻፍልህ?» ሲለው፣ ምን እንደሚጻፍ ሳያይ እሺ አለው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ነውና፣ ፋይሉ ያንን ሁሉ ተቀብሎ አስቀመጠ።

«ለመሆኑ» አልሁት፣ «ኪውት ዌብኤንጂንን የሚፈልገው ማነው?»

«ኬዲኢ ነዋ፣ አባባ።»

«ኬዲኢ ብዙ ሕዝብ ነው። ስሙን ንገረኝ።»

ስሙን አያውቅም። ፖርቴጅ ዝርዝሩን በዛፍ መልክ፣ ማን በማን ሥር እንደ ተንጠለጠለ የሚያሳይበት ትእዛዝ አለው፤ ያንን አዘዝሁ። ከዛፉ ላይ የወረደው የፕላዝማ ተጨማሪዎች የሚባለው ፓኬጅ ነው። እሱም ያለ ኪውት ዌብኤንጂን መኖር ይችላል፤ ዌብኤንጂን የምትል ፍላግ ከተከፈተችለት ብቻ ነው የሚጠራው። ማን ከፈታት? የዩዝ ፍላጎቹን ፋይል ገለጥሁ። በልጁ እጅ የተጻፈች አንዲት መስመር ተቀምጣለች። ለምን ብለው፣ ዴስክቶፑ ላይ የቃላት ፍቺ የምታወጣ ትንሽ መስኮት አለች፣ እሷ ዌብኤንጂን ትፈልጋለች አለኝ። ያቺን መስኮት ከተጫነች ጀምሮ የከፈታት ሰው የለም። እኔ ቃል ሲጠፋኝ የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት መደርደሪያዬ ላይ አለ፤ መብራት አይፈልግም፣ ማንንም አያግድም።

በፍላጓ ፊት የመቀነሻ ምልክት አደረግሁ። የማስኩን መስመር ሰረዝሁ። ፖርቴጅ በራሱ ጊዜ የደረተውን ዝባዝንኬም አጠፋሁ። ኢመርጅን ስጠይቀው የኪውት ቤተሰብ በሙሉ ተነሥቶ ወደ 6.9 ሄደ። በኋላም ማንም የማይፈልገውን ፓኬጅ የሚጠርገውን ትእዛዝ ስሰጥ ኪውት ዌብኤንጂን ራሱ ተጠርጎ ወጣ። ሌሊቱን ሁሉ ለማን ነበር የምንቃጠለው? (የባለቤቴ ግኖም ዌብኪት የሚባል የራሱ ጣጣ አለው። እሱን ዛሬ አታስነሡብኝ።)

ፖርቴጅ የማያየው ጥልም አለ፤ ይሄኛው ቤቴን ሊበትን ነበር። በሊኑክስ አማርኛን በላቲን ቁልፎች እንደ ድምፁ እየተየብህ ለመጻፍ ኤም17ኤን የሚባለው ስብስብ ውስጥ ሴራ የተባለው ስልት አለ። እሱን የሚያቀርቡልህ ደግሞ ሁለት ናቸው፤ አይባስና ኤፍሲቲክስ። ግኖም ከአይባስ ጋር የተጋባ ነው። ልጁ ለእኔ ፕላዝማ ኤፍሲቲክስን መረጠልኝ። ሁለቱም ጎን ለጎን ይጫናሉ፣ ፖርቴጅም ትንፍሽ አይልም። ነገር ግን ልጁ «የጽሑፍ ማስገቢያው ኤፍሲቲክስ ነው» የሚለውን መስመር የእኔ ክፍል ውስጥ በመጻፍ ፈንታ ለመላው ማሽን አወጀው። ባለቤቴ በግኖሟ ገብታ ለልጃችን «ሰላም ነሽ ወይ» ብላ ስትጽፍ በላቲን ፊደል ይወጣባታል። ልጃችንም «እማዬ ደግሞ እንደ ዱርዬ መጻፍ ጀመረች» ብላ ሳቀች። የቤቱ ኩርፊያ በእኔ ላይ ሆነ። መስመሩ ከአጠቃላዩ ፋይል ወጥቶ ፕላዝማ ሲነሣ ብቻ ወደሚነበበው ሲዛወር ነው ፊደሉም ሰላሙም የተመለሰው።

በየጊዜው አዲስ ሰበብ አይጠፋም። ፕላዝማ 6 በየካቲት 2016 ዓ.ም. ወጥቶ ወደ ጄንቱ ሲደርስ ከፕላዝማ 5 ጋር ባንድ ቤት አላድርም ብሎ ነበር። ፖርቴጅ የተጻፈው በፓይተን ነው፣ ፓይተን ደግሞ በየዓመቱ ሥሪት ይቀይራል፤ በቀየረ ቁጥር ግማሹ ቤት ይፈርሳል።

እኔ የታዘብሁት አንድ ነገር ነው። ማሽኑ ከራሱ አንቅቶ የተጣላበት ቀን የለም። የሚጋጩት ሰው ዛሬ ያዘዘውና አምና አዝዞ የረሳው ናቸው። ልጆቹ ግን ፋይሉን ከፍቶ የራስን ትእዛዝ ማንበብ እንደ ውርደት ያዩታል፤ በላዩ ሌላ ትእዛዝ መከመር ይቀላቸዋል። መስመር የምትጽፉ ሁሉ እባካችሁ ከላይዋ የቁጥር ምልክቷን አድርጉና (#) ቀኑንና ምክንያቱን ጻፉ። ፖርቴጅ አያነበውም፤ ለእናንተ ነው።

ጄንቱ ከታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የተጠናቀረ ፓኬጅም ማደል ጀምሯል፤ የፍላግ ምርጫህ ከእነሱ ጋር ከገጠመ አውርደህ መጫን ነው። የእኔ አብዛኛው አይገጥምም፣ የባለቤቴ ዌብኪትም ካልገጠሙት ነው። እንግዲህ ከአጣና ተራ እስከ ዓለም ባንክ፣ ከአየር ጤና እስከ ቤቴል ጄንቱ የሚያሠራ ሰው ካለ፣ መብራቱም የማይጠፋበት ከሆነ፣ ዌብኪትን አጠናቅሮ ፓኬጁን በፍላሽ ቢሰጠኝ ያለበት ድረስ በእግሬ እመጣለሁ፤ ቡናውም በእኔ ነው። ፕሮሰሰሩ የእኔን ዓይነት፣ ፍላጎቹም የእኔን የሚመስሉ ይሁኑ። ካልሆነ አይሠራም፣ አታድክሙኝ።